ትናንት ማታ ይሠራ ነበር

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ኮድ በመጻፍ መተዳደር ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ሥራዬን እወደው ነበር። አሁን ግን ጠዋት ላፕቶፔን ስከፍት ገና ምንም ሳይፈጠር ደሜ ይፈላል። ያለፈውን ሳምንት ብቻ ልንገርዎት።

ሰኞ፣ አንድ መስመር እንኳ ሳልነካ ፕሮጀክቱ አልሠራም አለ። ትናንት ማታ ይሠራ ነበር እኮ! ለካ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ላይብረሪ (ሌላ ሰው ጽፎት እኛ የምንጠቀምበት ኮድ) ሌሊት አዲስ ቨርዥን አውጥቶ ኖሯል። ማክሰኞ፣ ክፍያ የምንቀበልበት አገልግሎት የሚልክልንን መልስ ቅርጹን ቀየረው። ሳይነግረን። ደንበኞች ሲጮኹ ነው ያወቅነው፤ ማናጀሬ ደግሞ እኔ ላይ ጮኸ። ረቡዕ የአገልግሎቱን የድጋፍ ክፍል ባነጋግር ሮቦት ነው። ‹ኮምፒውተርዎን አጥፍተው ለማብራት ሞክረዋል?› አለኝ። ሐሙስ፣ 90 ቀን ሞልቶታልና የይለፍ ቃልህን ቀይር ተባልኩ።

ዓርብ ማታ እናቴ ደወለች። ስልኳ ‹ቦታ የለም› እያለ አስቸግሯት ነው። ጮህኩባት። ‹እኔ የስልክ ጠጋኝ አይደለሁም› አልኳት። ‹እሺ ልጄ› ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ራሴን ጠላሁት። እትዬ፣ ሙያ ልቀይር? ወይስ የተበላሸሁት እኔ ነኝ?

ትዕግሥቴ ያለቀ»

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እስከ ሐሙስ ድረስ ሳቅኩ። ይቅርታ አድርግልኝ፤ ያንን ሳምንት በደንብ ስለማውቀው ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ኮድ ጽፌያለሁ፣ የሰው ኮድ አርሜያለሁ፣ ሌሊት በስልክ ተቀስቅሼ የወደቀ ሰርቨር አስነስቻለሁ። ዓርብ ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ጠፋ። የእናትህን ነገር መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ፤ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው።

አንተ አምስቱን ቀን በአንድ ጆንያ ከተህ አንድ ጠላት አድርገኸዋል። እኔ ሳነበው ግን የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። አንዱ አንተ ራስህ ክፍት የተውከው በር ነው። ሌላው የሰው ጥፋት ነው፤ ያንተ ድርሻ እንዳይጥልህ መዘጋጀት ብቻ ነው። አንዱ ደግሞ ጊዜው ያለፈበት ደንብ ነው። ሁሉም ላይ እኩል ስትናደድ፣ በአንድ ከሰዓት ልታስተካክለው የምትችለውም ሳይስተካከል ይከርማል።

ከሰኞ እንጀምር። ያንተ ሰኞ እ.ኤ.አ. በማርች 2016 በብዙ ሺህ ሰው ላይ በአንድ ቀን ደርሷል። ሌፍት-ፓድ የምትባል ላይብረሪ ነበረች። ሥራዋ ምን መሰለህ? ከጽሑፍ በስተግራ ክፍት ቦታ መጨመር። በቃ። 11 መስመር ኮድ ናት። የጻፋት ሰው በሌላ ሥራው ስም የተነሳ ተጣላና ኤንፒኤም በሚባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪዎች የጋራ ማከማቻ ላይ ያወጣውን ሁሉ ጠቅልሎ አነሳው። ሌፍት-ፓድም አብራ ሄደች። ከዚያ ስሟን እንኳ ሰምተው የማያውቁ ትልልቅ ፕሮጀክቶች አንድ በአንድ አልገነባም አሉ። እነሱ የሚጠቀሙበት ላይብረሪ ሌላ ይጠቀማል፣ ያም ሌላ ይጠቀማል፣ መጨረሻ ላይ እሷ አለች። ኤንፒኤም በሰዓታት ውስጥ መለሳት፤ በኋላም ሰው ያወጣውን እንደፈለገ እንዳያነሳ ደንቡን አጠበቀ። ግን ትምህርቱ እዚያው ነው። አንተ የማታውቀው ሰው፣ በማታውቀው ምክንያት፣ ያንተን ጠዋት ሊያበላሽ ይችላል።

እስቲ የፕሮጀክትህን የላይብረሪ ዝርዝር ክፈተው። ከቨርዥን ቁጥሩ ፊት ኮፍያ የመሰለች ምልክት (^) አለች? ያቺ ምልክት «የመጀመሪያው ቁጥር እስካልተቀየረ ድረስ አዲስ የወጣውን አምጣልኝ» ማለት ናት። በወጉ ከሆነ የመጀመሪያው ቁጥር ሲቀየር የድሮው ኮድ ሊሰበር ይችላል ማለት ነው። ሁለተኛው ሲቀየር አዲስ ነገር ተጨምሯል፤ ሦስተኛው ሲቀየር ስህተት ታርሟል። ይሄ ሁሉ ግን ላይብረሪውን የሚጽፈው ሰው የሰጠው ቃል ነው። ሰው ደግሞ ይሳሳታል። አንተ «ግባ» ያልከው እንግዳ ነው ሰኞ ቤትህን ያመሰቃቀለው።

መፍትሔው አሰልቺ ነው። ሎክ ፋይሉን፣ ማለትም የእያንዳንዱ ላይብረሪ ትክክለኛ ቨርዥን የተጻፈበትን ፋይል፣ የኮድህ ታሪክ በሚቀመጥበት ጊት ውስጥ አስገባው። ኤንፒኤም የምትጠቀም ከሆነ ግንባታው የሚሠራበት ሰርቨር ላይ «ኢንስቶል» ማለቱን ትተህ «ሲአይ» የሚለውን ትዕዛዝ ተጠቀም። ይሄኛው ሎክ ፋይሉ ላይ የተጻፈውን ብቻ ይጭናል፤ ካልገጠመለት ቆሞ ይነግርሃል። ሌሎቹም ቋንቋዎች የየራሳቸው መቆለፊያ አላቸው።

ቆልፈህ ደግሞ እንዳትረሳው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ሎግፎርጄ በተባለው የጃቫ ላይብረሪ ውስጥ ከባድ የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ፣ ብዙ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ያጠፋው «እኛ ጋ አለ ወይስ የለም?» እያለ ሲፈልግ ነው። ለአፕዴት የታወቀ ቀን ስጠው። እኔ ማክሰኞ ጠዋት ነበር የማደርገው። ዓርብ ከሰዓት አፕዴት የሚያደርግ ሰው ከቤተሰቡ ጋር የተጣላ መሆን አለበት።

ወደ ማክሰኞ። እዚህ ላይ ከመናደድህ ጋር ጠብ የለኝም። ሰው ገንዘብ በሚያንቀሳቅስበት መንገድ ላይ የመልስን ቅርጽ ሳይናገሩ መቀየር ነውር ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። የዚያ አገልግሎት አካውንት በማን ኢሜይል ነው የተመዘገበው? እኔ አንድ ጊዜ እንዳንተ እየተንጨረጨርኩ አንድ ድርጅት ጋ ደውዬ «ሦስት ጊዜ አስጠንቅቀናችኋል» አሉኝ። ውሸታቸውን ነው ብዬ ልሟገት ስል ቀኖቹን ዘርዝረው አነበቡልኝ። ለካ ማስጠንቀቂያው ሲላክ የኖረው ሥራ ከለቀቀ ሁለት ዓመት ለሞላው ልጅ ነበር። አፈርኩ። ዛሬውኑ ገብተህ እየው። በአንድ ሰው ስም ከሆነ ቡድኑ በሙሉ ወደሚያነበው ኢሜይል ቀይረው።

የስታተስ ገጻቸውንም ብዙ አትመነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 የአማዞን የፋይል ማከማቻ፣ ኤስ3 የሚባለው፣ ወደቀ። አንድ ሠራተኛ የሂሳብ መጠየቂያው ሲስተም ለምን ቀርፋፋ እንደሆነ ሲመረምር ጥቂት ሰርቨሮችን ለማውረድ ትዕዛዝ ጻፈ። አንዷን ነገር ተሳስቶ አስገባት። ካሰበው እጅግ የሚበልጥ ሰርቨር ወረደ። ለሰዓታት ስንትና ስንት ድረ ገጽ ተንገዳገደ። የሚያስቀው ግን ወዲህ ነው። «የትኛው አገልግሎት ደህና ነው፣ የትኛው ታሟል» የሚያሰኘው ገጻቸው የሚታዘዝበት መሣሪያ ራሱ ኤስ3ን ይፈልግ ነበር። ስለዚህ ገጹን መቀየር አልቻሉም። ቤቱ ወድቆ መብራቱ አረንጓዴ። ይህን ሁሉ በኋላ በግልጽ የጻፉት ራሳቸው ናቸው፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ።

ያንተን ምልክት አንተው ትከል። በየቀኑ፣ ቢቻል በየሰዓቱ፣ የክፍያ አገልግሎቱን የሙከራ በር የምታንኳኳና መልሱ የተለመደው ቅርጽ እንዳለው የምታይ ትንሽ ቴስት ጻፍ። 30 መስመር አትሞላም። ማክሰኞ እሷ ብትኖር ከደንበኞችህ ቀድማ ልትነግርህ ትችል ነበር።

ኮድህ የውጭ አገልግሎትን ስለሚጠራበት መንገድም ልናገር፤ እዚህ ላይ ብዙ ልጆች ይጎዳሉ። የውጭ አገልግሎትን ከኮድህ ውስጥ በአስር ቦታ አትጥራ። አንድ በር ይኑረው፤ እዚያ ግባ፣ እዚያ ውጣ። ቅርጹ ሲቀየር አንድ ቦታ ታርማለህ። የመጠበቂያ ጊዜ ገደብም ስጥ። ፓይተን በተባለው የኮድ ቋንቋ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚጠቀምባት ሪኩዌስትስ የምትባለዋ ላይብረሪ «እስከዚህ ሴኮንድ ብቻ ጠብቂ» ካላልካት ያለ ገደብ ትጠብቃለች። እነሱ ሲዘገዩ ያንተ ፕሮግራም አብሮ ይደርቃል፤ ደንበኛው የሚያየው ደግሞ ያንተን ስም ነው። ጥሪው አልሳካ ብሎ ደግመህ ስትሞክር ደግሞ ያለ ዕረፍት አትደብድብ። 1 ሴኮንድ፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 8፤ በላዩ ላይ ትንሽ የዘፈቀደ ጊዜ ጨምርበት። አለበለዚያ አገልግሎቱ ከወደቀበት ሲነሳ ሁላችሁም በአንድ አፍታ ተንጋግታችሁ ትጥሉታላችሁ። ክፍያ ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ ክፍያ የራሱ የሆነ አንድ መለያ አብረህ ላክ፤ ያንኑ ክፍያ ደግመህ ስትሞክርም ያንኑ መለያ ላክ። ደህና የክፍያ አገልግሎት ያንኑ መለያ ሁለተኛ ሲያይ «ይሄን ጨርሻለሁ» ይላል እንጂ የሰውን ገንዘብ ሁለቴ አይቆርጥም።

ማናጀርህን በተመለከተ፣ ቁጣውን በቁጣ አትመልስ። የሰዓት ዝርዝር ስጠው። 4፡42 መልሳቸው ተቀየረ። 4፡44 አወቅን። 4፡50 ለደንበኞች ነገርን። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ወረቀቱ ይናገራል፤ አንተ መጮህ አያስፈልግህም። ይህን ለማድረግ ግን ሎግህ፣ ፕሮግራምህ የሚሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል፣ ሰዓቱን በትክክል መያዝ አለበት። የሁለት ሰርቨሮችህ ሰዓት ተለያይቶ ካገኘኸው ሌላ ደብዳቤ ጻፍልኝ፤ ስለሱ ብቻ አንድ ሙሉ ዓምድ እጽፋለሁ።

ረቡዕ አጭር ነው። «አጥፍተው ያብሩ» የሚለው ሮቦት ሞኝ አይደለም። ብዙ ብልሽት የሚጠፋው በማጥፋትና በማብራት ነው፤ የተጠራቀመው ውዥንብር አብሮ ስለሚጠረግ። ያንተ ጥያቄ ግን የዚያ ዓይነት አልነበረም። ከሮቦቱ የምታልፈው በምትጽፈው ነገር ነው። ጥያቄህን ስትልክ የሆነበትን ሰዓት ከነሰዓት ቀጣናው፣ የጥያቄውን መለያ ቁጥር፣ የላክኸውን፣ የጠበቅኸውንና የመጣውን ጻፍ። ችግሩን ከሦስት መስመር ባልበለጠ ኮድ ማሳየት ከቻልክ እሰየው። እንዲህ ተደርጎ የተጻፈ የድጋፍ ጥያቄ ሮቦት እጅ አይቆይም። ሌላም ጥቅም አለው። እኔ እንደዚህ አድርጌ መጻፍ ስጀምር ከሦስቱ አንዱን ሳልልከው እቀር ነበር። እየጻፍኩ ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ይገለጥልኛል። ጠረጴዛቸው ላይ የፕላስቲክ ዳክዬ አስቀምጠው ችግራቸውን ለዳክዬዋ የሚያስረዱ ሰዎች አሉ። አትሳቅ፣ ይሠራል።

ሐሙስ ደግሞ ከዚህም ያጥራል። በየ90 ቀኑ ቀይር የሚለው ደንብ ጊዜው አልፎበታል። የአሜሪካው ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ላይ፣ የይለፍ ቃል ያለ ምክንያት በየጊዜው እንዲቀየር አታስገድዱ፣ ተሰርቋል የሚያሰኝ ነገር ሲኖር አስቀይሩ ይላል። ሰው ሲገደድ ምን እንደሚያደርግ አንተም ታውቃለህ፤ መጨረሻ ላይ ያለውን 6 ወደ 7 ይቀይረዋል። መመሪያውን ይዘህ የደህንነት ክፍሉን አነጋግር። እንቢ ካሉ የይለፍ ቃል መያዣ ፕሮግራም ተጠቀምና እርሳው። ለዚህ ደም አይፈላም።

አሁን የማትወደውን ልንገርህ። ያ የክፍያ አገልግሎት ባንተ ላይ ያደረገውን አንተም በሌላ ሰው ላይ እያደረግህ ሊሆን ይችላል። እኔ አድርጌዋለሁ። ወጣት ሳለሁ ለአንድ መሥሪያ ቤት የመመዝገቢያ ፕሮግራም እንሠራ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። የሆነ ነገር ሲበላሽ የሚወጣ መልእክት ማስገባት ቀርቶኛል። ደክሞኛል። «ያልታወቀ ስህተት ተፈጥሯል፤ ቆይተው ይሞክሩ» ብዬ ጽፌ ነገ አስተካክለዋለሁ አልኩ። ያ ነገ ሳይመጣ ሥራ ቀየርኩ። ከስንት ዓመት በኋላ እዚያው መሥሪያ ቤት ባለጉዳይ ሆኜ ተሰለፍኩ። ተራዬ ደረሰ። ልጅቷ ጻፈች፣ ጠበቀች፣ ፊቷን አኮሳተረች። «ሲስተሙ እንቢ ብሏል፣ ነገ ይመለሱ» አለችኝ። አንገቴን አስግጌ ስክሪኑን አየሁት። «ያልታወቀ ስህተት ተፈጥሯል፤ ቆይተው ይምክሩ» ይላል። «ይምክሩ»! በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እያዳፋኝ የገደፍኳት ፊደል እዚያው ተቀምጣ ስትጠብቀኝ ኖራለች። ለልጅቷ ምንም አልነገርኳትም። በማግስቱ ተመለስኩ። ዛሬ ምክር ጸሐፊ ሆኜ ሳስበው ትእዛዝ ኖሯል እላለሁ።

እና ይህን ሳምንት አንድ ነገር አድርግልኝ። ኮድህን ክፈትና ለተጠቃሚ የሚወጡትን የስህተት መልእክቶች ብቻ አንብብ። ክፍያ አልሳካ ሲል ምን ትላለህ? ሰውየው ማወቅ የሚፈልገው ገንዘቡ መሄድ አለመሄዱን ነው። «ክፍያው አልተፈጸመም። ከሂሳብዎ ምንም አልተቀነሰም። ከ10 ደቂቃ በኋላ ይሞክሩ፤ እንደገና ካስቸገረዎት ይህን ቁጥር ይንገሩን» ብትለው ምን ይጎድልብሃል? ቁጥሯን ሎግህ ውስጥ ፈልገህ የምታገኛት አድርጋት። እሱም ተረጋግቶ ይውላል፣ አንተም ፍለጋው ይቀልልሃል።

ሌላም የማዝዝልህ አለኝ። ለሁለት ሳምንት ትንሽ ደብተር ያዝ። በተናደድክ ቁጥር በምን እንደሆነና ስንት ደቂቃ እንደወሰደብህ ጻፍ። እኔ ይህን ሳደርግ፣ ዘወትር የምረግመው የስብሰባ ፕሮግራም በቀን ከአራት ደቂቃ በላይ እንደማይወስድብኝ አየሁ። ምንም ሳልሰማው ከአንድ ሰዓት በላይ ይበላብኝ የነበረው ቴስቶቹ እስኪያልቁ መጠበቅ ነበር። የሚያናድድህና ጊዜህን የሚበላው ነገር ላይገናኙ ይችላሉ። እኔ ቴስቶቹን ከፋፍዬ በየፊናቸው እንዲሮጡ ካደረግኩ በኋላ የስብሰባውን ፕሮግራም መራገም ራሱ ቀነሰልኝ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ሙያ ልቀይር ላልከው ግን፣ በአንድ ሳምንት ተነስተህ አትወስን። ሞሪስ ዊልክስ የሚባል ሰው ነበር። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኢድሳክ የተባለውን ኮምፒውተር የሠራውን ቡድን የመራው እሱ ነው፤ ማሽኑ እ.ኤ.አ. በ1949 ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት ደረጃ ላይ ሲወጣና ሲወርድ አንድ ነገር ድንገት ገባው። ከቀረው ዕድሜ ሰፊውን ጊዜ የሚያሳልፈው በገዛ ፕሮግራሙ ውስጥ ስህተት ሲፈልግ ነው። ይህን በኋላ በትዝታው አውግቶታል። አስበው፣ ማሽኑ ገና ዓመት አልሞላውም። ሰውየው ግን ሙያውን አልቀየረም፤ 97 ዓመት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2010 ነው ያረፈው።

እኔ ካንተ ደብዳቤ «ለካ» የምትለዋን ቃል ነው የያዝኳት። «ለካ ላይብረሪው ሌሊት ተቀይሮ ኖሯል» ብለሃል። እዚያ ላይ ተናደህም ቢሆን ያገኘ ሰው ድምፅ አለ። ያቺ «ለካ» አሁንም ትንሽ ደስ የምትልህ ከሆነ ሙያህ አልተበላሸም። ማናጀርህ የሰውን ጥፋት ባንተ ላይ መጮህ ልማዱ ከሆነ ግን የምትቀይረው መሥሪያ ቤት ነው፤ እሱን ዛሬም ማሰብ መጀመር ትችላለህ።

እንግዲህ ዓርብ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል። ማናጀርህ ላይ መጮህ አልቻልክም። ሮቦቱ ላይ ብትጮህ አይሰማም። የምትሰማው እናትህ ነበረች።

በእሷ በኩል ሆነህ እየው። የያዘችው ስልክ ትናንት ማታ ይሠራ ነበር። ምንም ሳትነካው ዛሬ እንቢ አለ። የማይገባት መልእክት አወጣባት። የሚያውቅ ሰው አለኝ ብላ ደወለች። ያንተ ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ በአንድ ምሽት መጣባት። ያንተ ሮቦት ግን አልጮኸብህም።

ስልኳ ላይ የሆነውን ሳላየው ልገምት እችላለሁ። የመልእክት መተግበሪያዎቹ ከየግሩፑ የሚላከውን ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ በራሳቸው እያወረዱ ሞልተውታል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታ በራሱ ማውረዱን ታጥፋው። ከዚያ ትልልቆቹን ቪዲዮዎች ትሰርዝ። ስልኩን ተቀብለህ አንተ እንዳትሠራው። የእሷ ጣት ይንካው፤ አንተ አጠገቧ ተቀመጥ። የልጆች ፎቶ ከተገኘ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ሳትጠይቃት አንድም ነገር አትሰርዝ።

ለቀረው ዘመድ ሰዓት ወስንለት። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ውጪ የለም በል፤ ይለምዱታል። ፕሪንተር ግን አልነካም በል። እኔም አልነካም።

ዛሬ ማታ ደውልላት። መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቃት፤ በሥራ አታሳብብ። ከዚያ «ስልኩ ምን እያለ ነው? እስቲ አንብቢልኝ» በላት። መነጽሯን ፈልጋ እስክታመጣ ስልኩን ይዘህ ጠብቃት።